ጋሽ ሀምዱ ፊልም አይተው ሲወጡ

ሐኪም ለመሆን ብዙ ዓመት መማር ያስፈልጋል። ታክሲ ለመንዳት እንኳ ፈተና አለው። የፊልም ዳኛ ለመሆን ግን አንድ ቲኬትና አንድ ትልቅ ፖፕኮርን ይበቃል። ሀበሻ በሚኖርበት ከተማ ሁሉ በዚህ መንገድ የተሾመ አንድ ሰው አይጠፋም። ማን እንደሾመው አይታወቅም፤ የሚሽረው እንደሌለ ግን በደንብ ይታወቃል። አርብ የወጣ ፊልም ማክሰኞ እሱ ፊት ይቀርባል። ዳይሬክተሩ ሦስት ዓመት የደከመበትን ነገር፣ እሱ ከአዳራሹ ወጥቶ መኪናው ጋ እስኪደርስ ፈርዶበት ይጨርሳል። ይግባኝ የለም።

በእኛ ሕንፃ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር ጋሽ ሀምዱ ናቸው። ቶሮንቶ፣ ጄን ኤንድ ፊንች በሚባለው ሰፈር ካሉት ረጃጅም አፓርትመንቶች በአንዱ፣ እሳቸው አሥራ አንደኛ ፎቅ፣ እኔ ዘጠነኛ ላይ እንኖራለን። በመካከላችን አንድ ፎቅ አለ፤ ድምፃቸውን ለማስቆም ግን አቅም የለውም።

የተዋወቅነው ሊፍት ውስጥ ነው። እኔ ያኔ ገና መምጣቴ ነበር። መሐንዲስ ነህ ብሎ የጠራኝ አገር ኢቶቢኮ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ያስደረድረኝ ነበር። ጋሽ ሀምዱ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ስምህ ማን ነው?» አሉ።

«እዝራ።»

«ፊልም ትወዳለህ፣ እዝራ?»

«አዎ» አልኩ። በሕይወቴ ብዙ ወረቀት ሳላነብ ፈርሜያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን በአንድ ቃል ራሴን አሳልፌ ሰጥቼ አላውቅም። ይኸው አራት ዓመት ሆነን፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ቲኬት ስለሚቀንስ ከሥራ ስንወጣ ሲኒማ እንገባለን።

ጋሽ ሀምዱ ቶሮንቶ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ታክሲ ነድተዋል። የትኛው መብራት ስንት ሰከንድ ቀይ ሆኖ እንደሚቆይ ያውቃሉ። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ቶሮንቶ በፊልም ውስጥ ቶሮንቶ ሆና አታውቅም። የፊልም ሰዎች ይመጡና መንገዱ ላይ ቢጫ ታክሲ ይደረድራሉ፣ ጥቂት የቆሻሻ ከረጢት ይበትናሉ፣ ከዚያ ኒውዮርክ ነው ይሉናል። ሌላው ተመልካች ያምናል። ጋሽ ሀምዱ አያምኑም።

«ይኼ ኒውዮርክ አይደለም!» ይላሉ፣ ፊልሙ በተጀመረ በአራተኛው ደቂቃ፣ አዳራሹ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። «ቤይ ስትሪት ነው! ያውና የባንኩ በር!»

«ጋሽ ሀምዱ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ።»

«ሐዲዱን አየኸው? የስትሪትካር ሐዲድ! ኒውዮርክ ላይ የመንገድ ባቡር የት አለና! ሽቦውን በኮምፒውተር ደምስሰው ሐዲዱን ረሱት። ሰውን እንደዚህ ይንቃሉ?»

ባለፈው ዓመት አንድ የፖሊስና የሌባ ፊልም ገባን። ሌባው መኪናውን እያበረረ ከስፓዳይና ታጥፎ በቀጥታ ዶን ቫሊ ፓርክዌይ ላይ ብቅ አለ። ሰዉ ትንፋሹን ውጦ ያያል። ጋሽ ሀምዱ ሰዓታቸውን አዩ።

«አራት ሰከንድ!» አሉ። «እኔ ምጥ የያዛት ሴት ጭኜ፣ መንገድ ባዶ ሆኖልኝ፣ በሃያ ደቂቃ አልደረስኩም!»

ከዚያ ሌባው ጥገና ተለይቶት የማያውቀው ጋርዲነር አውራ ጎዳና ላይ ወጣ። አንድም ብርቱካንማ የግንባታ በርሜል አልነበረም። ጋሽ ሀምዱ ጀርባቸውን ወንበሩ ላይ ለቀቁና «በቃ፣ ተረት ነው» ብለው ቀሪውን ፊልም ፖፕኮርናቸውን እየበሉ አሳለፉት።

መንገድ የሌለበት ፊልምም ከእጃቸው አያመልጥም። ስለ ጠፈር የተሠራ ፊልም አይተን ስንወጣ ሰው ሁሉ ስለ ሰው ልጅ ዕጣ ፈንታ እያወራ ነበር። እሳቸው «ሦስት ሰዓት ሙሉ ሽንት ቤት የሄደ ሰው የለም» አሉ። አንድ ቤተሰብ ሰይጣን ያለበት ቤት ገብቶ የሚሰቃይበትን ፊልም አይተን ደግሞ ሙሉ በሙሉ ለሰይጣኑ ፈረዱለት። «ነባር ተከራይ እሱ ነው» አሉ። «እነሱ ናቸው የመጡበት። በኦንታርዮ ሕግ ነባር ተከራይ እንዲህ በጩኸት አይወጣም።»

ከሁሉ የከፋው የፍቅር ፊልሙ ነበር። ልጁ የሚወዳት ልጅ አገር ጥላ ልትሄድ ስትል፣ በዝናብ ሮጦ ታክሲ ውስጥ ዘሎ ይገባል። «ኤርፖርት!» ብሎ ይጮኻል። ታክሲው ይበራል።

«የትኛው ተርሚናል?» አሉ ጋሽ ሀምዱ።

«ጋሼ፣ ይተዉት።»

«አንድ አለ፣ ሦስት አለ፣ ሁለት የሚባል የለም። እሷ በሦስት ብትሄድ ይኼ ሰውዬ አንድ ላይ ሊጮኽ ነው? ተርሚናል ያልጠየቀ ሰው ፍቅር አልያዘውም። የያዘው ሌላ ነገር ነው።»

በመጨረሻ ሁለቱ ተገናኝተው ተቃቀፉ። ከጎናችን የተቀመጠች ወጣት ዕንባዋ ይወርዳል። ጋሽ ሀምዱ ወደ እሷ ዘንበል ብለው በጨዋ እንግሊዝኛ «ሻንጣዋን ማን ወሰደው?» ብለው ጠየቋት። ልጅቷ ለቅሶዋን አቁማ ስክሪኑ ላይ ሻንጣ መፈለግ ጀመረች።

የሲኒማ ቤቱ ተቆጣጣሪ፣ ኮስታራ ፊት ያላት ሴት፣ ትንሽ ባትሪዋን ይዛ መጥታ ሁለት ጊዜ አስጠንቅቃናለች። ጋሽ ሀምዱ ሁለቱንም ጊዜ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይቅርታ ጠይቀዋል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «እኔ አልተቸሁም፤ ያየሁትን ነው የተናገርኩት» ብለዋል። ይህ የዘወትር ቃላቸው ነው።

ከሕንፃችን ማዶ ባሉት ሱቆች ፀጉር የምትሠራው ተሻለች ይህን ዳኝነት የምትጠቀምበት የራሷ መንገድ አላት። ጋሽ ሀምዱ «አትዪው፣ ጊዜሽን ነው የሚበላው» ያሏትን ፊልም ወዲያው ቲኬት ትቆርጣለች። «ግሩም ነው» ያሉትን አታይም። አንድ ቀን ይህን ሲሰሙ ይቀየማሉ ብዬ ስሰጋ፣ እሳቸው ግን ደስ አላቸው። «ዋናው ነገር ሳትጠይቀኝ አለመሄዷ ነው» አሉ።

ዳኝነቱን በጭራሽ የማይቀበሉት ባለቤታቸው እትዬ ዛህራ ናቸው። በተጋቡ በዓመታቸው አንድ ጊዜ አብረው ሲኒማ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሦስት ዓመት አለፈ፤ አልደገሙትም። «ቤት ውስጥ በነፃ የምሰማውን ሰው ከፍዬ ልስማው?» ይላሉ።

እንግዲህ በዚህ መካከል ነው ነገሩ የመጣው።

ልጃቸው ኢብቲሳም ዩኒቨርሲቲ ነች። አንድ ቀን ስልኳ ላይ ማስታወቂያ አየች፤ ለፊልም ቀረጻ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆኑ፣ የመንዳት ልምድ ያላቸው ሰዎች ይፈለጋሉ ይላል። ለቀልድ የአባቷን ፎቶ ላከች። በሳምንቱ ስልክ ተደወለ።

«ዳዲ!» አለች እየሮጠች መጥታ። «ኮል አደረጉ! ዘይ ዎንት ዩ!»

«እነማን?»

«የፊልም ሰዎቹ። ታክሲ ድራይቨር ሆነህ። ላይን አለህ፤ ትናገራለህ!»

የሚናገሩት ነገር ባጭሩ «ወዴት ልውሰድዎት?» ነው። በእንግሊዝኛ «ዌር ቱ፣ ማም?» ይላሉ። ሦስት ቃል። ጋሽ ሀምዱ ሦስቱን ቃል ለሦስት ሳምንት ተለማመዱት። ሊፍት ውስጥ በኀዘን፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል በቁጣ፣ ፓርኪንጉ ውስጥ እንደ ምስጢር አድርገው አሉት። አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ሊፍት ውስጥ «ዌር ቱ፣ ማም?» ሲሏት «ስምንተኛ» ብላ መለሰችላቸው፤ እሳቸውም ቁልፉን ተጫኑላት።

እትዬ ዛህራ አንድ ምሽት ትዕግሥታቸው አለቀ። «ሃያ ስድስት ዓመት ወዴት ነው ወዴት ነው ስትል ኖረህ፣ ዛሬ ምን የሚሉት ልምምድ ነው?»

«ያ ሥራ ነው» አሉ ጋሽ ሀምዱ። «ይኼ ጥበብ ነው።»

ሁላችንም ሳቅን። ሳቄ የቆመው በማግስቱ ነው። መኪናቸውን ሲያጥቡ አግኝቻቸው ላግዝ ቆምኩ። ስፖንጁን ባልዲው ውስጥ ነከሩና ወደኔ ሳያዩ ማውራት ጀመሩ።

«እዝራ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ከኋላዬ ተቀምጧል። ማጅራቴን ስንት ሺህ ሰው ያውቀዋል። ፊቴን ግን ማንም አያውቀውም። ገብተው ስልካቸውን ያያሉ፣ ወርደው ስልካቸውን ያያሉ። አሁን ይኼ ፊት በዚያ ትልቅ ስክሪን ላይ ሲወጣ…» ብለው ጉንጫቸውን በእርጥብ እጃቸው ነኩ። «ዛህራም ብታየው ደስ ይለኛል።»

እኔ ጎማውን ማጠብ ጀመርኩ።

የቀረጻው ቀን ጠዋት ተላጭተው፣ ሸሚዝ ተኩሰው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ሕንፃው በር ላይ ሰባት ስምንት ሰው ቆመን ጠበቅናቸው።

«እሺ፣ እንዴት ነበር?»

«ሰዎቹ ጨዋ ናቸው» አሉ። «ሀላል ዶሮ ለብቻዬ አቀረቡልኝ።»

«ፊልሙስ?»

«ፈርሜያለሁ።»

«ምን?»

«ፊልሙ እስኪወጣ ድረስ ምንም ላልናገር ፈርሜያለሁ» አሉና ወደ ሊፍቱ ገቡ።

እነዚህ የፊልም ሰዎች ምን እንዳደረጉ አያውቁም። ለጋሽ ሀምዱ አንድ ፊልም ሰጥተው ስለ እሱ አትናገር ማለት፣ ሰው ፊት ምግብ አቅርቦ እጁን እንደ ማሰር ነው። እሳቸው ግን ቃላቸውን ጠበቁ። አሥራ አራት ወር! ተሻለች በነፃ ፀጉራቸውን ልትቆርጥላቸው ቃል ገባች፤ የሚቆረጥ ብዙ ፀጉር ባይኖራቸውም ዝም አሉ። በስካርቦሮ የሚኖረው የታክሲ ጓደኛቸው ሙሉነህ እየደወለ «አንድ ነገር ብቻ፣ በመጨረሻ ሰው ይሞታል?» ብሎ ለመናቸው፤ ስልኩን ዘጉበት። በዚያው ሰሞን የሌላውን ፊልም ሁሉ እንደ ድሮው እየፈረዱበት ነበር። ስለዚያኛው ግን አንድ ቃል አልወጣቸውም።

ባለፈው ኦክቶበር ፊልሙ ወጣ። ኢብቲሳም በዋትስአፕ ግሩፑ ላይ ለጠፈችው፤ «ማክሰኞ፣ ዳዲ!» ብላ ልብ ጨመረችበት። ሰው ከስካርቦሮ መጣ፣ ከኢቶቢኮ መጣ። ሦስት ረድፍ ሞላን። ሙሉነህ ሚስቱንና አራት ልጆቹን ይዞ መጣ። ተሻለች ሱቋን ዘግታ መጣች፤ ጋሽ ሀምዱ «እዩት» ብለው ስላላሉ «አትዩት»ም ስላላሉ ግራ ገብቷት ነበር። እና ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ፣ ዓረፋ ዕለት የሚለብሱትን ሐምራዊ ሻሻቸውን አስረው፣ እትዬ ዛህራ መጡ። ኢብቲሳም እንደ ሰላም አስከባሪ በእናትና በአባቷ መካከል ተቀመጠች። እናቷ እንግሊዝኛ ከመስማት ማንበብ ስለሚቀላቸው፣ ንግግሩ ከታች በጽሑፍ የሚወጣበትን ሰዓት መርጣ ነበር ቲኬት የቆረጠችው።

ፊልሙ ስለ አንዲት ጠበቃ ነው። ወንድሟ ሞቶባታል፣ ገዳዩን ትፈልጋለች፣ ለምን እንደሆነ ባይገባኝም ሁልጊዜ ዝናብ ይዘንባል። በአራተኛው ደቂቃ ቤይ ስትሪት ኒውዮርክ ሆኖ በፊታችን አለፈ። ሦስቱም ረድፍ ወደ ጋሽ ሀምዱ ዞረ። ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ አንስተው መልሰው አወረዱ፤ ቃል ግን አልወጣም። ያኔ ነው ነገሩ ለእሳቸው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የገባኝ።

ግማሽ ሰዓት ሄደ። አንድ ሰዓት ሄደ። የሙሉነህ ትንሽ ልጅ «ጋሽ ሀምዱ የታሉ?» አለች። «ይመጣሉ» አላት። ፊልሙ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ሲሆነው ጠበቃዋ በዝናብ እየሮጠች መጣችና እጇን አነሳች። ቢጫ ታክሲ ቆመ። ኢብቲሳም የእናቷን ክንድ ያዘች። ሦስት ረድፍ ሰው ባንዴ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

ካሜራው ያለው የጠበቃዋ ፊት ላይ ነው። ጋሽ ሀምዱ ጠርዝ ላይ አሉ። አንድ ጆሮ፣ የኮፍያ ጫፍ፣ መሪ ላይ ያረፈ እጅ። እና ማጅራት።

«ዝም ብለህ ንዳ» አለች ጠበቃዋ፣ ማንም ምንም ሳይጠይቃት። «ዌር ቱ፣ ማም» ተቆርጦ ወጥቷል። የሦስት ሳምንቱ ልምምድ የለም።

ሙሉነህ ጉሮሮውን ጠረገ። ቀና ብዬ ጋሽ ሀምዱን ለማየት አልደፈርኩም፤ እጃቸውን ብቻ አየሁ። የወንበሩን ክንድ ጨብጠው ይዘውታል። ስክሪኑ ላይ ያለው እጅም መሪውን ልክ እንደዚያው ይዞታል።

ታክሲው ታጠፈ። ቫዮሊን ጀመረ፣ ቀስ ያለ፣ የኀዘን። ጠበቃዋ ወንድሟን እያሰበች በመስኮቱ ታያለች። ያኔ ከታክሲው የፊት ወንበር፣ ከቫዮሊኑ በላይ፣ ጥርት ብሎ፣ ያ አሥራ አንደኛ ፎቅ ሆኖ ዘጠነኛ የሚሰማ ድምፅ መጣ። በአማርኛ።

«ወይ ጣጣ! ለዘጠነኛ ጊዜ ነው እኮ እዚችው ማዞሪያ ላይ የሚያመላልሱን። መንገድ አያውቁ፣ ሰው አይጠይቁ። እህህ… ዛህራ ትሙት፣ ይኼን ፊልም ከፍሎ የሚያይ ሰው ካለ ጤነኛ አይደለም።»

ከታች የወጣው ጽሑፍ እንዲህ ይላል፤ «ሹፌሩ በባዕድ ቋንቋ ይጸልያል።»

ጠበቃዋ ዕንባዋ ዱብ አለ። ወደ ሹፌሩ ማጅራት አየችና በቀስታ «አመሰግናለሁ» አለች።

ሙሉነህ በሳቅ ፈነዳ። እሱን ተከትሎ ሦስቱ ረድፍ ፈነዳ። ተሻለች ከወንበሯ ተንሸራታ መሬት ላይ ተቀመጠች። የሙሉነህ ልጆች ምን እንደተባለ ባይገባቸውም ከሁሉ በላይ ሳቁ። የተቀረው አዳራሽ ደግሞ ዕንባውን እየጠረገ ነበር። ሰዎቹ ዞረው አዩን። በጸሎት የሚስቅ ሕዝብ አይተው ስለማያውቁ ፊታቸው ላይ የነበረው ድንጋጤ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። «ሽሽሽ!» አሉን ከየአቅጣጫው። ተቆጣጣሪዋ ባትሪዋን ይዛ እየተንደረደረች መጣች፤ እግሯ ስለለመደው በቀጥታ ወደ ጋሽ ሀምዱ ሄደች። ከሦስቱ ረድፍ ዝም ያሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ኮፍያቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ወንበሩ ውስጥ ሰምጠዋል።

«እኔን ነው?» ይላሉ እትዬ ዛህራ፣ የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጨምረው። «ኢብቲሳም፣ እኔን ነው የገደለኝ?»

ፊልሙ አልቆ ስንወጣ አንዲት ከዘራ የያዘች ፈረንጅ አሮጊት በሩ ላይ ጠበቀችን። ዓይኗ ቀልቷል። ምን ያስቃችኋል፣ አታፍሩም ወይ አለች። ኢብቲሳም ደነገጠችና የመጣላትን ተናገረች፤ ሹፌሩ አባቴ ነው፣ የሳቅነው በደስታ ነው አለቻት። አሮጊቷ ፊቷ ተለወጠ። ከዘራዋን ለኢብቲሳም ሰጥታ የጋሽ ሀምዱን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

«በዚያ ፊልም ውስጥ እውነተኛ ነገር ያ ጸሎት ብቻ ነበር» አለች። «እባክህ፣ ምን ማለት እንደሆነ ንገረኝ።»

ሳቁ ቆመ። ሦስት ረድፍ ሰው ሎቢው ውስጥ ተጠጋ። ያየሁትን ነው የምናገረው እያሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ለዳይሬክተርም፣ ለፖሊስም፣ ለሚያለቅስ ተመልካችም የማይመለሱ። ጋሽ ሀምዱ ኮፍያቸውን አወለቁ። አሮጊቷን አዩ።

«የመንገደኛ ጸሎት ነው» አሉ በእንግሊዝኛ። «መንገድ ለማያውቁ ሰዎች የሚደረግ።»

አሮጊቷ ራሷን ነቀነቀች። «ፊልሙንስ ወደድከው?»

«ደህና ነው» አሉ ጋሽ ሀምዱ። «ሹፌሩ ግን ትንሽ ወሬ ያበዛል።»

ወደ ቤት የተመለስኩት በእሳቸው መኪና ነው። እኔና ኢብቲሳም ከኋላ ነን። መንገዱ ሲጋመስ እትዬ ዛህራ ወደ ፊት እያዩ «ስሜን ጠራህ» አሉ።

«ምላሴ ነው፤ ይቅር በይኝ። ትሙት ያልኩት እኮ ከልቤ…»

«እሱን አይደለም። ሃያ አራት ዓመት ቤት ውስጥ ‹አንቺ› ነው የምትለኝ። ሰው ፊት ‹የኢብቲሳም እናት›። ስሜን የረሳኸው መስሎኝ ነበር እኮ። ለካ ሥራ ቦታ ትጠራዋለህ።»

መብራት ላይ ቆመን ነበር። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ የሚያውቁት ሰው አልነዱም።

«ፊቴን አላሳዩም» አሉ ጋሽ ሀምዱ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ፊቴን እንድታዪው ነበር ያመጣሁሽ።»

ከኋላችን ያለው መኪና ጡሩምባውን ነፋ። እትዬ ዛህራ ዞረው ባላቸውን አዩአቸው። ቶሎ አልጨረሱም፤ ደህና አድርገው አዩአቸው።

«አየሁት» አሉ። «ንዳ።»

ኢብቲሳም በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። እኔም በሌላው መስኮት ጀመርኩ።

በሳምንቱ ማክሰኞ የቤቴ በር ተንኳኳ። እትዬ ዛህራ ናቸው፤ ኮታቸውን ለብሰዋል። «ተነስ እንጂ፣ ልናረፍድ ነው» አሉ። የገባነው ያንኑ ፊልም ነው። በሚቀጥለውም ማክሰኞ ያንኑ። እትዬ ዛህራ ስማቸው የሚጠራበት ቦታ ሲደርስ ሻሻቸውን ያስተካክላሉ። ወሬው ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ሄዶ፣ ከሃሚልተን ድረስ ሰው ቤተሰቡን ጭኖ መጣ። ጋዜጣ ላይ የጻፉት ተቺዎች ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብጠልጥለው ሲያበቁ፣ ለታክሲው ጸሎት ብቻ ሁለት መስመር ምስጋና ለግሰዋል። ለምን በዚህ ከተማ ብቻ አዳራሹ እንደሚሞላ ለፊልሙ ሰዎች የነገራቸው የለም። ስብሰባ ጠርተን የወሰንነው ነገር አይደለም፤ ብቻ ሁሉም ሰው አፉን ዘጋ። ጋሽ ሀምዱም ሲጠየቁ «ፈርሜያለሁ» ይላሉ፤ ውሉ ካለቀ ቆይቷል።

ፊልሙን እንድታዩት አልመክርም። ረጅም ነው፣ ዝናቡ ይበዛል፣ ገዳዩም ገና ከመጀመሪያው ያስታውቃል። እኔ አምስት ጊዜ አይቼዋለሁ። አምስተኛውን ያየሁት ብቻዬን ነው፤ ከአዳራሽ በሚወርድበት የመጨረሻ ቀን፣ ስካርቦሮ ሄጄ። ጋሽ ሀምዱ ኤርፖርት ሺፍት ነበራቸው። አዳራሹ ውስጥ ስምንት ሰው ብንሆን ነው፤ ከእኔ ሌላ ሀበሻ አልነበረም። ታክሲው ቆመ፣ ጠበቃዋ ገባች፣ ቫዮሊኑ ጀመረ። ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ራሷን ዝቅ አደረገች። ጋሽ ሀምዱ መንገዱን፣ ሰዎቹን፣ ፊልሙን፣ ከፍሎ የሚያየውንም ሰው ሁሉ በተራ እስኪጨርሱ ጠበቅሁ። ከዚያ እኔም ራሴን ዝቅ አድርጌ «አሜን» አልኩ።